ቀኝ እጅ ብቻ

«ወደ እኔ! ወደ እኔ አልኩ እኮ! ኧረ ወዴት ነው የምትገፉት?»

አጎትየው በረንዳው ላይ ቆመው በሁለት እጃቸው አየር ይጎትታሉ። ፒያኖውን የሚገፉት አራት ሰዎች ግን ሳሎን ውስጥ ናቸው፤ ላብ በላብ ሆነዋል። ሦስቱ ከጎረቤት ለእርዳታ የተጠሩ ጎልማሶች ሲሆኑ፣ አራተኛው፣ ክብደቱ በሚያርፍበት በኋለኛው ጥግ የቆመው፣ የሟቹ ልጅ ባል ነው። በር፣ መስኮትና አጥር የሚሠራ ሰው ስለሆነ ከሚስቱ ጀምሮ ሰው ሁሉ «በያጁ» ነው የሚለው። ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ቁጥብ ነው። ከባድ ዕቃ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እሱን ያያል።

የፒያኖ አስተማሪ የነበሩትን ሽማግሌ ቀብረው ከተመለሱ ገና አንድ ሰዓት አልሞላቸውም። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ግማሹን ግድግዳ የያዘው ደግሞ ፒያኖው ነው። አጎትየው፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሐዘኑ ሐዘን ነው፤ ዕቃ ያለቦታው ተቀምጦ ሲያዩ ግን ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ኮታቸውን ሳያወልቁ ሳሎኑን ገረመሙና፣ «ይሄ ይውጣ» አሉ። «ግቢ ውስጥ ላስቲክ ይለብሳል። በሱ ቦታ ስምንት ወንበር ይገባል።»

«ዝናብ አለ እኮ» አለ በያጁ ቀስ ብሎ።

«ላስቲክ አልኩህ አይደል?»

«እንጨቱ እርጥበት ከገባበት...»

ወጥ ቤት በር ላይ የቆመችው ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ደግሞ አንተ ስለ ፒያኖ ከመቼ ወዲህ ነው የምትል ትመስላለች። ጎንበስ ብሎ የፒያኖውን ጥግ ያዘ።

ተገፋ። በረንዳው ከሳሎኑ ወለል አንድ ስንዝር ዝቅ ይላል። የፊት ጎማዎቹ ወደ ታች ሲወርዱ ፒያኖው በሆዱ የበሩ መድረክ ላይ ተቀመጠ፤ ከመድረኩ ላይ የተበየደው ማዕዘን ያለው የአንጎላሬ ብረት ደግሞ ከሥሩ ባለው ሳንቃ ውስጥ እንደ መንጠቆ ገባ። «ቋ!» አለ። ወደፊት ቢሉት አይሄድም። ወደኋላ ቢሉት አይመለስም። ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ በረንዳ ላይ ሆኖ ቀረ።

ከግድግዳው ማዶ ያሉት ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘው ሲመጡ ይህንኑ አዩ። ፔርሙሳቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ የፒያኖውን ሆድ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«በመቀመጫው ነው የመጣው» አሉ። «እንዲህ ያለውን ስቦ ማውጣት የለም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ አጎትየው።

«ብረቱ መቆረጥ አለበት» አለ በያጁ።

«ይቆረጣ!»

«በግራይንደር ነው። ይጮኻል። እሳትም ይረጫል።»

አጎትየው ወደ መንገዱ አዩ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ከወዲያ ማዶ ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። «ለቅሶ ቤት ግራይንደር? ሰው ምን ይለናል! ሰው እስኪቀንስ እንዲሁ ይቆይ» አሉ።

በያጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ላቡን ጠረገ። ፊቱን ያዞረው ግን ላብ ለመጥረግ ብቻ አልነበረም።

ሰው ምን እንደሚል ለማወቅ ብዙ አልፈጀም። ፒያኖው ክዳን የለውም። ሽማግሌው ከብዙ ዓመት በፊት ነቅለው የመጻሕፍት መደርደሪያ አድርገውታል፤ «አፉ የሚዘጋ ፒያኖ ቁምሳጥን ነው» ይሉ ነበር። በቁልፎቹና በበሩ ጉበን መካከል የቀረው ክፍተት ደግሞ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው። የመጀመሪያዋ ለቀስተኛ፣ ሞላ ያሉ የሩቅ ዘመድ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ሲገቡ ዳሌያቸው ቁልፎቹ ላይ አረፈና ፒያኖው በወፍራም ድምፅ «ዱ-ዱም!» አለ።

«ውይ! ምን ነካሁ?» አሉ ለቅሷቸውን አቋርጠው።

«ምንም አይደል፤ ይግቡ፣ ይግቡ» አሉ አጎትየው።

ይግቡ ቢባሉም ደንግጠው ወደኋላ ተመለሱ። እንደገና «ዱ-ዱም!» ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ሞክረው ገቡ። ያቋረጡትን ለቅሶ ከየት እንደሚቀጥሉ ግን ጠፋባቸው፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ክዳን የሌለውን ፒያኖ አፍጥጠው ሲያዩ ቆዩ።

አጎትየው ካርቶን አምጥተው በቁልፎቹ ላይ በፕላስተር አጣበቁ። ነገሩ ባሰ፤ በፊት ሁለት ሁለት ይጮኹ የነበሩት ቁልፎች አሁን በአንድ ጊዜ አሥር ሆነው ያጓሩ ጀመር። ካርቶኑ ተነሥቶ ብርድ ልብስ ተደረገ። ድምፁ ቀነሰ፤ ግን ብርድ ልብስ ለብሶ የሚያስል በሽተኛ መሰለ። ወፈር ያለ ሰው በወጥ ቤት በኩል ዞሮ እንዲገባ ተወሰነ። ይኼ ደግሞ የራሱን ጣጣ አመጣ። ማን ነው ወፍራሙ? ማንስ ነው ደፍሮ የሚናገረው? አንድ ቦርጫም ባለሱቅ «እኔ በዚህ አልፋለሁ» ብለው ገብተው መሀል ላይ ተወተፉ። አጎትየው ከውስጥ፣ በያጁ ከውጭ ሆነው እስኪያወጧቸው ድረስ በተነፈሱ ቁጥር ፒያኖው አብሯቸው ተነፈሰ።

በያጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይነክሳል። ሳቁ ብቻ አይደለም። ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ከንፈሩ ሳያስበው ይንቀሳቀሳል። «ፋ» ይላል ለራሱ። «ፋ እና ሶል።»

ሴቶቹ ሌላ የሚያንሾካሽኩት ነገር ነበራቸው።

«አንድ ዘለላ እንባ እንኳ!» አለች አንዷ፣ ሻይ የምታዞረውን የሟቹን ልጅ በዓይኗ እየተከተለች።

«ተኳርፈው ነበር አሉ።»

«ቢኳረፉስ? አባት እኮ ነው!»

መኳረፋቸው እውነት ነው። ልጅት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ፒያኖ ሊያስተምሯት ሞክረው፣ «ጆሮሽ ከእንጨት ነው የተሠራው» ብለዋት ጣታቸውን ነክሳ ሮጣለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቁልፍ ነክታ አታውቅም። አድጋ በያጁን ስታገባ ደግሞ ሽማግሌው በሠርጓ ዕለት ለአጠገባቸው ሰው፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ጥሩ ድምፅ አሰምቼ ያሳደግኳት ልጅ ለግራይንደር ተዳረች» ሲሉ ሰማቻቸው። ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸው ነበር፤ የእንጨት የተባለው ጆሮ ግን አላመለጠውም። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በዓመት አንዴ ሁለቴ ስልክ ይደዋወላሉ። ስለ ብርዱ ያወራሉ። ይዘጋሉ።

ሚስቱ የማታውቀውን ግን በያጁ ያውቃል፤ ነገሩ የጀመረው የዛሬ አሥራ አራት ወር ነው።

አንድ ላሜራ ከተደገፈበት ተንሸራቶ የቀኝ እጁን ጣቶች ደፈጠጠበት። ፋሻው ሲፈታ ጣቶቹ እንደ ሹካ ደርቀው ቀሩ። ሐኪሙ አገላብጦ አየና፣ «ፒያኖ እንደሚጫወት ሰው አንድ በአንድ አንቀሳቅሳቸው» አለው። በያጁ ሐኪም ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ሲባል ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ የሚጠብቅ ዓይነት። በሕይወቱ የሚያውቀው ፒያኖ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሄዶ አንኳኳ።

«ምን ፈለግህ?» አሉ ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርገው።

«ሐኪም ልኮኝ ነው።»

«እኔ ጋ?»

«ፒያኖ ተጫወት አለኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ቃል በቃል ምን አለህ?»

«ፒያኖ እንደሚጫወት ሰው ጣትህን አንቀሳቅስ አለኝ።»

«እንደሚጫወት ሰው ነዋ! 'እንደ' የምትለዋ ቃል አልፋህ ሄደች? እንደ ወፍ ቀለል ይበልህ ቢልህ ጣሪያ ላይ ልትወጣ ነበር?»

በያጁ እጁን ዘረጋላቸው። ሽማግሌው የቆሳሰሉትን ጣቶች አዩ። ከዚያ በሩን ከፈቱ። ተማሪ የሚባል ነገር አልቀረላቸውም ነበር፤ የመጨረሻውን ለእናቱ «እግር ኳስ ይሻለዋል» ብለው አሰናብተውታል።

በያጁ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ አቃሰተ። አንዱን ነጭ ቁልፍ በአመልካች ጣቱ ተጫነው።

«ማነው?» አሉ ሽማግሌው ወደ በሩ ዞረው።

«እኔ ነኝ።»

«በር የተንኳኳ መስሎኝ ነው።»

«ይቅርታ፤ ጠንከር አድርጌ መታሁት።»

«ፒያኖ አይመታም። የሚመታ ብረት ነው። ይሄን ታናግረዋለህ፤ ጨዋ ሆነህ ካናገርከው ጨዋ ሆኖ ይመልስልሃል። ድገመው።»

ደገመው። መቶ ጊዜ ሳይደግመው አልቀረም። ማክሰኞና ዓርብ ከሥራ መልስ። ሚስቱን «ፊዚዮቴራፒ» አላት፤ ውሸት ነው ለማለትም ያስቸግራል። በሁለት ወሩ ጣቶቹ ተፈቱ። ሐኪሙ «ጨርሰሃል» አለው። ለሽማግሌው ግን አልነገራቸውም። እሳቸውም አልጠየቁትም። በሦስት ወሩ አምስት ድምፅ በተራ መደርደር ቻለ፤ የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ መሬት የረገጠ አልመሰለውም። ወርክሾፑ ውስጥ ብየዳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ በጠረጴዛው ብረት ላይ በጣቱ ይደረድራል። አብሮት የሚሠራው ሰው የአጥር ብረት የሚቆጥር ይመስለዋል።

በስምንት ወሩ ሽማግሌው ለጀማሪ ብለው ራሳቸው የደረሷት አንዲት አጭር ዜማ በቀኝ እጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጣለት። ሽማግሌው ከጎኑ ተቀምጠው የግራውን ይጫወቱለታል። ትከሻ ለትከሻ ሆነው አንድ ወንበር ላይ፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰው ሆነው።

«አባባ፣ ግራውንስ መቼ ነው የምማረው?» ይል ነበር በየጊዜው።

«ግራህ ገና ነው።»

«ቀኜን እኮ ችያለሁ።»

«ቀኝህ ተናግሯል እንጂ ገና አላወራም። ተቀመጥ።»

ባለፈው ሐሙስ በያጁ ለነገ ብሎ ጥፍሩን ሲቆርጥ ስልክ ተደወለ። አዋላጇ ናቸው ለሚስቱ የደወሉት። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት የሚደረድሩት ነገር ሳይሰማ ቢቀር፣ አዋላጇ በሩን ገፍተው ገብተው፣ ሽማግሌውን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አርፈው አገኟቸው። በያጁ የቀሩትን ሦስት ጥፍሮች ሳይቆርጥ ጫማውን አደረገ።

ለቅሶው በገባ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው ነገሩ የፈነዳው።

አዋላጇ መጀመሪያ ቀን መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነበር። በሁለተኛው ቀን አድርገው መጡ። ቀጭን ስለሆኑ በክፍተቱ ገብተው፣ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ አስከትለው፣ ወንበር ያዙና ለቀስተኛውን ከጥግ እስከ ጥግ ገመገሙ። ዓይናቸው በያጁ ላይ ሲደርስ ቆመ። አርባ ዓመት በምጥ ጩኸት ላይ ሲናገሩ የኖሩ ሴት ናቸውና ቀስ ብሎ መናገር አያውቁበትም።

«አንተ ነህ!» አሉ። «ማክሰኞና ዓርብ!»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ በያጁ ዞረ።

«እትዬ...» አለ በያጁ።

«ግድግዳ ለግድግዳ ነው እኮ የምንኖረው! አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም! እኔ ሽማግሌው ቁምሳጥን የሚያስጠግኑ መስሎኝ ነበር። በኋላ በመስኮት አየሁህ፤ እጅህ ባዶ፣ መዶሻ የለ፣ መጋዝ የለ። ይሄ ምን ዓይነት አናጺ ነው ስል!» ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «ለካ ፒያኖ እየተማረ ነው! መጀመሪያ ላይ ጆሮዬን በጥጥ እደፍን ነበር። በኋላ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ማክሰኞ ስትዘገይ ሻዬን አልጀምርም።»

ሚስቱ ትሪውን እንደያዘች ቆማለች። ትሪውን በአቅራቢያዋ ላገኘችው ሰው ሰጠች፤ የተቀበሏት አጎትየው ነበሩ። ባሏን በአገጯ ጠራችው። ተከትሏት ወጥ ቤት ገባ። በሩን ዘጋች።

«ማክሰኞና ዓርብ» አለች።

«አዎ።»

«ፊዚዮቴራፒ።»

«እሱም ነበር። መጀመሪያ ላይ።»

«አሥራ አራት ወር! እኔ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር፤ ታውቃለህ? ሰኞና ሐሙስ ጥፍርህን ትቆርጣለህ። ማክሰኞና ዓርብ እጅህን በሳሙና ሁለት ጊዜ ትታጠባለህ። ለኔ አንድ ቀን ያን ያህል ታጥበህ አታውቅም! ማን ናት እያልኩ ስቃጠል...»

«ሴት ቢሆን ይሻልሽ ነበር?»

«ሴት ብትሆን ፀጉሯን ነጭቼ እገላገል ነበር! አባቴን ምን አደርገዋለሁ?»

በያጁ መሬት መሬት አየ። ከውጭ አንድ ሰው ገባ፤ ፒያኖው «ዲም» አለ። «ላ» አለ በያጁ ሳያስበው የድምፁን ስም።

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

ሚስቱ ክንዷን አጣጥፋ ጠጋ አለችው። «ሌላም ልጠይቅህ። መንገድ ተሻግሮ ያለ መስኮት በዓይንህ ለክተህ ግማሽ ሳንቲ አትስትም። ያ ፒያኖ እንዴት ነው በር ላይ የሚቀረቀርብህ?»

«ከሥሩ ጣውላ ቢነጠፍለት ያልፍ ነበር» አለ በያጁ።

«ታዲያ ለምን አላነጠፍክም?»

«ዝናብ ነዋ ውጭ።»

የሚስቱ ከንፈር ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቶሎ ያዘችው። ወደ ማጠቢያው ዞራ ቧንቧውን ከፈተች፣ የሚታጠብ ነገር ስላልነበረ ዘጋችው።

«ስለ እኔ ይጠይቅህ ነበር?» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው።

«በቀጥታ አይጠይቁም። ቤታችሁ ዝናብ አያስገባም ወይ ይላሉ። አያስገባም እላለሁ። ሳሎናችሁ ሰፊ ነው ወይ ይላሉ። ደህና ነው እላለሁ። አንዴ ግን፣ ታንጎራጉራለች ወይ አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ልብስ ስታጣጥፍ አልኳቸው። የዚያን ቀን እስክወጣ ድረስ አልሰደቡኝም።»

ሚስቱ አልዞረችም። በያጁ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ ስስ ደብተር አወጣ። ሽማግሌው በየትምህርቱ መጨረሻ በእርሳስ የሚጭሩበት ነበር። ሐሙስ ዕለት ከፒያኖው ላይ አንሥቶ ደብቆታል። ስድብ ብቻ ስለመሰለው ሰው እንዳያየው ፈርቶ ነው። እሱ ራሱም ከሁለት ገጽ በላይ ለማንበብ አልደፈረም።

ሚስቱ ተቀብላ ገለጠችው። የአባቷ ጽሕፈት ነው፤ ቀጭንና ዘንበል ያለ። ድምፅ አውጥታ ማንበብ ጀመረች።

«ማክሰኞ። ተማሪ፦ በያጁ። ጣት፦ አምስት ብሎን።»

«እሱን እዚያው ተዪው...»

«ዓርብ። ዛሬም መጣ። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም።» ገጹን ገለበጠች። «ማክሰኞ። አምስቱም ጣቶች ሠሩ። ሁለቱ ለፒያኖ፣ ሦስቱ ለጎረቤት።» አፏን በእጇ ያዘች። «ዓርብ። ዛሬ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጫወት አየሁት። ስሜት መስሎኝ ነበር፤ እንቅልፍ ነው።»

«ሌሊት ስበይድ አድሬ ነው እኮ!» አለ በያጁ ተቆጥቶ።

ሳቋ አመለጣት። ሆዷን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ጠረጴዛውን ተደገፈች። አንድ ገጽ ታነባለች፣ አንድ ጊዜ ትንፋሿ ይቆረጣል። ሊያስቆማት ደብተሩን ሲይዝ ነጠቀችው። ከዚያ በሳቋ መሀል ድምፅዋ ተሰበረ። የትኛው ገጽ ላይ እንደተሰበረ በያጁ ለማወቅ አልቻለም። ትከሻዋ ያው ይርገፈገፋል፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። «አባዬ!» አለች። ከልጅነቷ ወዲህ ያላለችውን ቃል ነው ያወጣችው። «አባዬ! አባዬ!»

ከበሩ ማዶ የአንዷ ሴት ድምፅ ተሰማ። «ተመስገን! ወጣላት።»

በያጁ ያዛት። ቆይታ ቆይታ፣ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠርጋ፣ ደብተሩን ወደ መጨረሻው ገለጠች። ይህን ግን ድምፅ አውጥታ አላነበበችውም። አየችው፤ እንደገና አየችው፤ ከዚያ ለባሏ ሰጠችው።

በዚያው በቀጭኑ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ። ቀኙ ደህና ሆኗል። ግራውን አስተምረኝ ይላል። ግራውን ከቻለ አይመጣም። ይቆይ።»

በያጁ ሁለት ጊዜ አነበበው። ያለው መቀመጫ የጋዝ ሲሊንደሩ ብቻ ነበር፤ እሱ ላይ ቁጭ አለ። ትልልቅ እጆቹ በጉልበቶቹ ላይ ተዘርግተው ቀሩ። ስንት ማክሰኞ «ግራህ ገና ነው» ተብሎ በራሱ ተናድዶ ሄዷል! ስንት ዓርብ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እንደ ሰነፍ ተማሪ አፍሮበታል!

«ግራውን ብማርስ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ብማርስ አልመጣም ነበር? ይሄን ያህል አያውቁኝም?»

ሚስቱ ከፊቱ ተንበርክካ ያንን የተገፋ ግራ እጁን በሁለት እጇ ያዘችለት።

በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ቀነሰ። አጎትየው ጠዋቱን ግራይንደሩ እንዲመጣ አዘዙ። በያጁ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከወርክሾፑ ይዞት ተመለሰ። አዋላጇ ወንበራቸውን በረንዳው ላይ አውጥተው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይሄ በምጥ የሚወጣ አይደለም ብያለሁ» አሉ። «ኦፕራሲዮን ነው።»

«ብረቱ ሲቆረጥ፣» አሉ አጎትየው፣ «አራታችሁ ትይዙትና በቀጥታ ወደ ግቢው። ላስቲኩ ተዘጋጅቷል።»

«ወደ ግቢ አይሄድም» አለች የሟቹ ልጅ።

አጎትየው ዞሩ። «ምን?»

«ወደ ቦታው ይመለሳል።»

«የኔ ልጅ፣ አንቺ እኮ ይሄን ዕቃ ከልጅነትሽ ጀምሮ...»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ወደ ቦታው ይመለስ። ባሌ ይጫወትበታል።»

አጎትየው ወደ ተዘጋጀው ላስቲክ አዩ። በያጁ የፊት መከላከያውን ወደ ታች መለሰና ግራይንደሩን አስነሣ። ጩኸቱ ከዳር እስከ ዳር መንገዱን ሞላው። ውሻ ጮኸ፤ ከማዶ መስኮት ተከፈተ። አንድ ዘግይተው የመጡ ለቀስተኛ አጥሩ ጋ ደርሰው «እዚህ ነው ለቅሶው?» ብለው ጠየቁ። «እዚህ ነው፣ ይግቡ!» አሉ አዋላጇ ከግራይንደሩ በላይ ጮኸው። እሳቱ በመድረኩ ዙሪያ ተረጨ። ብረቱ ሲበጠስ ፒያኖው በሆዱ ውስጥ ባሉት ክሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ተገላገለ!» አሉ አዋላጇ።

በዚህኛው ጊዜ ግን በያጁ ጣውላ አነጠፈ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አጎትየው ወደ ውስጥ ቀድመው ገብተው ስምንቱን ወንበር ራሳቸው አነሱ። ከዚያ መሬቱን አይተው፣ ጫማቸውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ከግድግዳው ለክተው፣ «ከዚህ ጥግ ሦስት ጫማ ነው የሚርቀው» አሉ። «እዚህ ነበር። አልጋዬን ከጎኑ አንጥፌ ነው ያደግሁት።» ድምፃቸው ያልጠበቁት ቦታ ላይ ሲቀጥን ላስቲኩን ማጠፍ ጀመሩ።

ሰዎቹ ሄዱ። አዋላጇ ባዶ ፔርሙሳቸውን ይዘው ሄዱ። አጎትየውም ሄዱ። በያጁ በረንዳው ላይ ተንበርክኮ የግራይንደሩን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ፒያኖው ፊት ቆማለች። የተቆረጠው ብረት ትቢያ በቁልፎቹ ላይ ሁሉ ተነስንሷል፤ ነጩ ግራጫ ሆኗል።

ጥቁር ሻሿን ከራሷ ፈታች። ጫፉን በጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ከዳር ካለው፣ ከወፍራሙ ቁልፍ ጀመረች፤ ጠረገችው፤ ጮኸ። እጇን ሳብ አደረገች። ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀችው። ቀጣዩን ጠረገች። እሱንም ጠበቀችው። በጥቁሮቹ ዙሪያ በጥፍሯ እየዞረች፣ አንዱንም ሳትዘል፣ ትቢያው በሻሹ ላይ እየተከማቸ፣ አንድ በአንድ ሄደች።

በያጁ የጀመረውን ገመድ በእጁ ይዞ ቆመ። የትኛው ቁልፍ የቱ ድምፅ እንደሆነ ሁሉንም ያውቃል፤ የአንዱንም ስም አልጠራም። ሚስቱ የመጨረሻው ቀጭን ቁልፍ ላይ ደረሰች። ጠረገችው። ፒያኖው ጸድቷል። ሻሿን አራገፈች፤ ንጹሑን ጫፍ ፈልጋ በጣቷ ላይ ጠቀለለችና እንደገና ከዳር ጀመረች።